የግራው ምሰሶ

በካርቱም ከተማ፣ ከዓባይ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የተከበረ ቲያትር ቤት ነበር። ክብሩ ብዙ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቲያትር ሳይታይበት ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ነው። ሲኒማ ሆኗል፣ የሠርግ አዳራሽ ሆኗል፣ በክፉ ቀን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ አገሩን በትሕትና አገልግሏል። ከጦርነቱ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ የሚመለከተው አካል በጥልቀት ከመከረ በኋላ የኮንሰርት አዳራሽ እንዲሆን ወሰነ። ሥራውም በአጭር ጊዜ ተጠናቀቀ፤ የድሮው ሰሌዳ ወርዶ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ።

ዘኪያ በዚህ ታሪክ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጋለች። የሠርጉን አበባም፣ የሲሚንቶውን ብናኝም ያፈሰችው እሷ ናት። ወሎ ተወልዳ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። አሁን እንቅልፍ የነሳት ኢቃማዋ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ ለማሳደስ ደግሞ ከሙዲሩ፣ ከአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፣ የሥራ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ሙዲሩ ኡስታዝ ተውፊቅ ግን ጊዜ የላቸውም፤ የአዳራሹን ታሪክ እየጻፉ ነው።

«ያ ኡስታዝ፣ ደብዳቤዬስ?»

«ቡክራ ኢንሻአላህ።»

ቡክራ ነገ ማለት ነው። ነገ ሲደርስም ያው ቡክራ ይባላል።

በዚህ መሃል የድምፅ አማካሪው ዶክተር ጂብሪል መጡ። መድረኩ መሃል ቆመው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ «ማሻአላህ» አሉና አርባ ገጽ ሪፖርት ጻፉ። ዘኪያ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሁሉንም አየች።

«ያ ዶክተር፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለው የግራው ምሰሶ ነገር አለበት። እሱ ሥር የተንሾካሾኩት ሁሉ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል።»

«በምን መሣሪያ ለክተሽው ነው?»

«በጆሮዬ።»

ዶክተሩ በሐዘኔታ አዩአት። ኡስታዝ ተውፊቅ ግን ለሐዘኔታም ጊዜ አልነበራቸውም።

«አንቺ ጠራጊ ነሽ። ስለ ድምፅ ምን አገባሽ? ያላ፣ ወደ ሥራሽ!»

ወደ ሥራዋ ሄደች። ምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ረድፍ ወንበሮች ስትወለውል፣ ሙዲሩና ጸሐፊያቸው ሉጥፊያ ምሰሶው ሥር ቆመው ያወራሉ።

«የዘኪያን ደብዳቤ ልተይበው?»

«ተይው። ከምረቃው በኋላ በማሽን የሚጠርግ ኩባንያ እናስገባለን። እስከዚያ ቡክራ እያልሽ ያዣት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ዘኪያ እንባዋን በያዘችው ጨርቅ ጠረገችና መወልወሏን ቀጠለች፤ ያ ወንበር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አበራ።

በምረቃው ዕለት ከሀብታሞቹ ሰፈር ከአል-ጣኢፍ የመጡ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ እንግዶች አዳራሹን ሞሉት። ኡስታዝ ተውፊቅ ታሪኩን አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡ። ከዘመኑ ቀድመው የተፈጠሩት ታላቁ አያታቸው ቲያትሩን እንደመሠረቱ፣ የመጀመሪያውንም ድንጋይ በገዛ እጃቸው እንዳኖሩ በዝርዝር አስረዱ። የአያታቸውም ስም በበሩ ላይ በእብነ በረድ ተቀርጿል። ከዚያ ሙዚቀኞቹ እስኪወጡ ኡስታዙ ጉሮሯቸውን ሊያርሱ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል።

ዘኪያ ውሃ ይዛ የቆመችው የግራው ምሰሶ ሥር ነበር። የት ትቁም? ጠራጊ ናት፤ ስለ ድምፅ ምን አገባት።

«ያ ኡስታዝ፣ የኢቃማዬ ደብዳቤስ?»

«ወላሂል ዓዚም፣ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ እሰጥሻለሁ! አሁን ውሃውን አምጪው።»

«አላህ ያክብርልኝ። ታላቁ አያትዎ እውነት ይሄን ሁሉ ሠሩት?»

ኡስታዝ ተውፊቅ ጠጡ፣ ሳቁም። ለጠራጊ ምን ይደበቃል?

«የምን መሥራት! በሩ ላይ ለውዝ ይሸጡ ነበር። ውስጡን አንዴ ብቻ አይተውታል፤ እሱንም ያለ ትኬት ገብተው አንገታቸውን ተይዘው ወጡ።»

መጀመሪያ የሳቀው የመጨረሻው ረድፍ ነው። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ያ ሕንፃ ቲያትር ቤት በነበረበት ዘመን እንኳ እንዲህ አልተጨበጨበበትም። የግምገማ ኮሚቴውም የድምፅ ሥርጭቱ መቶ በመቶ የተሳካ መሆኑን አረጋግጦ ለዶክተር ጂብሪል የምስክር ወረቀት ሰጠ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዘኪያ ደብዳቤ ተፈረመ፣ ማኅተምም አረፈበት። አራት መቶ ሰው የሰማውን መሐላ ማን ያጥፋል? የማሽኑም ኩባንያ ነገር በዚያው ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ ኮንሰርት በተደረገ ቁጥር፣ በበሩ ላይ «መሥራች» ከሚለው እብነ በረድ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ተቀምጦ ይገኛል። ኡስታዝ ተውፊቅ ባስቸኳይ እንዲጠረግ በደብዳቤ አዘዙ። ዘኪያ ትእዛዙን በአክብሮት ተቀበለች፣ አጣጥፋም ኪሷ ከተተችው።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጠረገው?» አሏት ኡስታዙ።

«ቡክራ ኢንሻአላህ» አለች ዘኪያ።