ሊቀ ቢራ አያ ክንዱ እና የሰርካለም የመጀመሪያ ጃምቦ

ሰው ተሰብስቦ በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ባዶ ጠረጴዛ ሞልቶ እያለ አጠገብህ የሚቀመጥ፣ ያዘዝከውን ቢራ አይቶ ለቅሶ እንደሰማ ሰው ራሱን የሚነቀንቅ፣ «ይሄን ደግሞ ማን መከረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው። አገር ቢረጋጋም ባይረጋጋም፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም እሱ አለ። በጎንደር፣ አራዳ ላይ ደግሞ ይህ ሰው ስምም ማዕረግም ነበረው፤ ሊቀ ቢራ አያ ክንዱ።

ማዕረጉን የሰጣቸው የመናኸሪያ ሾፌር ነው። አያ ክንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሪ ይዘው አንድ ጉንጭ ቀምሰው አያውቁም። አውቶቡሱን አቁመው ባደሩበት ከተማ ሁሉ ግን ያልቀመሱት ቢራ፣ ያልተሟገቱት አሳላፊ የለም። ጡረታ ሲወጡ ያን ሁሉ እውቀት ይዘው አራዳ ላይ ሰፈሩ።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚያዙለት ነበራቸው። ለክረምት ጥቁር ቢራ። ለጥሬ ሥጋ ብርጭቆው የሚያልበው ቀዝቃዛ ድራፍት። ለቅቅል ጠርሙስ፣ ያውም በጣም ያልቀዘቀዘ። ለአዲስ ሙሽራ ቀለል ያለ፣ አማቱ ፊት እንዳያንገዳግደው። እዚሁ ከተማ የሚጠመቀውን ቢራ «የቤታችን ልጅ» ይሉታል፤ መኪና ላይ ሳይንገላታ ትኩሱን መጠጣት ነው ብለው ይመክራሉ። የደጋ ገብስ ጠላ የቀመሰውን ሰው ደግሞ «ለሰሞኑ ቢራ እንዳትነካ፤ ቢራው ያፍራል» ይሉታል።

ብርጭቆህን ወደ አፍህ ስታስጠጋ ክንድህን ያዝ ያደርጉና «ቀስ! እስኪ መጀመሪያ ላስተዋውቅህ» ይላሉ። ከዚያ ማስተዋወቅ ነው። ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ አረፋውን። ትውውቁ ሲያልቅ አረፋው የለም፣ ቢራው ሞቋል፣ አንተም ጥማትህ ወጥቶልሃል።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ፀዳ ላይ በተደረገ ሰርግ ሙሽሪት በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ሚዜዎቹን ሁሉ ቢራ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲያሸክሟቸው ቆዩ። አንድ ለቅሶ ቤት ገብተው ከሟች ወንድም ጎን ተቀመጡና በጆሮው «እግዜር ያጽናህ፤ ግን ይሄን የቢራ ሣጥን ከምድጃው አርቁት» አሉት። አንድ አዲስ ድራፍት ቤት ደግሞ ብርጭቆው ቅባት ነክቶታል ብለው በመጀመሪያው ቀን ጠጪውን ሁሉ አስከትለው ወጡ። ቤቱ እስከ ፍልሰታ አልቆየም።

ስለዚህ ሰርካለም አራዳ ላይ ድራፍት ቤት ልትከፍት ስትነሳ ከጤና ተቆጣጣሪው ይልቅ የፈራችው እሳቸውን ነበር። ከእሳቸውም በላይ ግን የምትፈራው አንድ ሰው ነበራት። አባቷን።

ሰርካለም የዳባት ልጅ ናት። አባቷ ወልደ ዮሐንስ ገበሬ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩ፣ የተናገሩትን የማያጥፉ። መጠጥ ቤት ልትከፍት መሆኑን የሰሙ ዕለት «እኔ ልጄን ለመሸታ አላሳደግሁም» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማችም። ክረምቱ አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በመጨረሻ እናቷ አልቅሰው፣ የንስሐ አባታቸውም ገብተውበት «እሺ፣ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። የጨዋ ቤት ከሆነ እመርቃለሁ። ካልሆነ ግን አባት የለሽም» ብለው ላኩባት። በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ የሰነበተው የዳባት መንገድ በተከፈተ ማግስት ከወንድሟ ከአለምነህ ጋር ጎንደር ገቡ።

መክፈቻው የፋሲካ ማግስት ነበር። ሰርካለም በጠዋት ባሏን ሰጠኝን ጥግ ይዛ አስጠነቀቀችው።

«ሌላው ይቅር። አያ ክንዱን ብቻ ዛሬ እዚህ ቤት እንዳላያቸው።»

«ምን ብዬ ልከልክላቸው? ሰውየው እኮ ግብዣ አይጠብቁም። በርሜል ሲንከባለል ከሰሙ ይበቃቸዋል።»

«ወለቃ አዲስ ቤት ተከፍቷል በላቸው።»

ሰጠኝ እንዳለችው አደረገ። አያ ክንዱም ከከተማው ዳር ወለቃ ድረስ ሄዱ፣ የተከፈተ ቤት እንደሌለ አረጋገጡ፣ ባጃጅ ይዘው ተመለሱና ከማንም ቀድመው ከባንኮኒው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ውሸታም ባል አለሽ፤ ግን ቤትሽ ሸጋ ነው» አሏት።

ያን ጠዋት የድራፍት ማሽኑን የገጠመላት ይባረክ ቱቦዎቹን በማጽጃ መድኃኒት ሞልቷቸው ነበር። «ትንሽ ይቆይና በውሃ አጥበዋለሁ። የጎደለች ዕቃ ላምጣ። እስክመለስ እንዳትነኪው፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ይልጣል» ብሏት ወጣ። እሱ እንደወጣ መብራት ጠፋ። ሰጠኝ ጀነሬተሩን ሊያስነሳ ወደ ጓሮ ሮጠ። እንግዳው ይገባ ጀመር። አባቷ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ሲባል፣ ገና ረፋዱ ላይ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

ሰርካለም አባቷን ስታይ የይባረክ ቃል ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። ጉልበታቸውን ስማ አስቀመጠቻቸው። ወደ ባንኮኒው ተመለሰች፣ ቱቦውን ከበርሜሉ አገናኘች፣ ቧንቧውን ከፈተች። የመጀመሪያውን ጃምቦ ለአባቷ፣ ሁለተኛውን ለወንድሟ፣ ሦስተኛውን ከአፋቸው ክፉ እንዳይወጣ ብላ ለአያ ክንዱ ሰጠች።

አባቷ ብርጭቆውን ይዘው ተነሡ።  ግድግዳውን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ መመረቅ ጀመሩ። የሰርካለም ዓይን እንባ ሞላ።

«ቤቱን የሰላም ቤት ያድርገው።»

«አሜን!»

በዚህ መሐል ሰርካለም ወደ አያ ክንዱ ዞር አለች። ሰውየው አያወሩም። ጃምቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ያያሉ። ቢራው ወደ ቡናማ አድልቷል፤ አረፋው እንደ ልብስ ሳሙና አረፋ ትላልቅ ሆኖ ይፈነዳል። አሸተቱት። ፊታቸው ተለወጠ። ጭራሽ፣ ምርቃት እየተመረቀ፣ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ነከሩና ከአውራ ጣታቸው ጋር ያሻሹት ጀመር። አለምነህ አይቶ ጥርሱን ነከሰ። ሰርካለም በዓይኗ ለመነቻቸው። አላዩአትም።

«የገባው ጠግቦ ይውጣ፣ የወጣው በጤና ይመለስ!»

«አሜን!»

አባቷ ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ።

አያ ክንዱ ከወንበራቸው ሲወረወሩ የሽማግሌ አይመስሉም ነበር። የአባቷን እጅ መቱት። ጃምቦው መሬት ላይ ተከሰከሰ፣ ቢራው በነጩ ጋቢ ላይ ወረደ። ዞር ብለው የአለምነህንም ከእጁ ነጠቁት።

«ማንም እንዳይጠጣ!»

 በደጋ ሰው ፊት፣ በተመረቀ መጠጥ ላይ፣ የሽማግሌ እጅ ተመታ። አለምነህ የኮታቸውን ኮሌታ አንቆ ያዘ። ከኋላው ከእንግዶቹ መሐል ሁለት የአጎቱ ልጆች ተነሡ።

«አንተ! አባቴን?»

አባቷ እርጥብ ጋቢያቸውን ይዘው ወደ እሷ ብቻ ተመለከቱ። «ያመጣሽኝ ለዚህ ነው?» አሉ በቀስታ። ያ ቀስታ ከጩኸት ይብስ ነበር።

ሰርካለም ባንኮኒውን ዞራ መጣች። «ምነው አያ ክንዱ! ምን በደልኩዎት? ምን አደረግሁዎት?»

አያ ክንዱ፣ አለምነህ አንገታቸውን እንደያዘ እጇን ሳቡና ከነጠቁት ጃምቦ ጠብታ ጣቷ ላይ አደረጉ። አሻሸችው። ያዳልጣል። እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

«ቱቦው ታጥቧል?» አሏት፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ።

ሰርካለም በገዛ እጇ ቀድታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ለአባቷ ያቀረበችው ምን እንደሆነ ገባት። 

አያ ክንዱ ፊቷን አዩ። ቤቱ የሞላውን ሰው አዩ። ከዚያ አንገታቸውን እንደታነቁ ያንን የተለመደውን የአዋጅ ድምፃቸውን አወጡት።

«ጎበዝ! ስሙ! ይህ ቢራ አላረፈም! ከመኪና እንደወረደ ነው የተቀዳው። ክንዱ በቆመበት ያላረፈ ቢራ ሽማግሌ አፍ አይገባም!»

ቤቱ በቁጣ ተንጫጫ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ለየለት!» «ለዚህ ብሎ ነው የሰው እጅ የሚመታ?» «አውጡት!» አለምነህና የአጎት ልጆቹ እየገፉ ወደ በሩ ወሰዷቸው። አያ ክንዱ አልታገሉም። ኮፍያቸው ወደቀ፤ ተረገጠ። የበሩ ደፍ ላይ አንድ ጫማቸው ወለቀ። ወደ እሷ ግን አልዞሩም።

ሰርካለም ዝም ብትል ያልቅ ነበር። ሰውየው እብድ ተብለው ይቀራሉ፣ ሰጠኝ ቢራውን በጓሮ ይደፋል፣ ለአባቷም ሌላ ብርጭቆ ይቀዳላቸዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት። ዓይኗ ግን ካልሲ ብቻ በቀረው የሽማግሌው እግር ላይ ነበር።

«ልቀቃቸው!» ብላ ጮኸች። «አለምነህ፣ ልቀቃቸው! ጥፋቱ የኔ ነው!»

ሁሉም ዞሩ።

«ቱቦው ውስጥ መድኃኒት ነበር። እንዳትነኪ ተብዬ ነካሁት። አባባ፣ ልገድልዎት ነበር። እሳቸው ናቸው ያዳኑዎት።»

ይህን ብላ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። አባቷ የያዙትን ጋቢ ለቀቁና ተቀመጡ።

ይባረክ ዕቃውን ይዞ ሲገባ የሰዉን ፊት አይቶ ሳይነገረው ገባው። ቱቦውን ፈታ፣ በውሃ አጠበ፣ ደግሞ አጠበ፣ በጣቱ እያሻሸ ፈተነ፣ ደግሞ አጠበ። «አሁን ንጹህ ነው» አለ። ሰርካለም አንድ ጃምቦ ቀዳችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

ማንም አልተነሣም። ሰው አልወጣም፤ ግን አልቀረበም። ሁሉም ብርጭቆውን፣ ከብርጭቆውም አባቷን ያያል። አረፋው ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰርካለም ቤቷ በመጀመሪያው ቀን ዓይኗ እያየ ሲዘጋ ታያት።

በአንድ ጫማ እየረገጡ አያ ክንዱ መጡ። ኮፍያቸውን አንሥተው አራገፉ። ባንኮኒው ፊት ተቀመጡና ብርጭቆውን ያዙ። ሰርካለም፣ አሁን ደግሞ ማስተዋወቁን ሊጀምሩት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አላስተዋወቁም። ወደ ብርሃን አላነሡም፤ አላሸተቱም። ያ በአንድ ጃምቦ ግማሽ ቀን የሚያወራ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ እየታየ፣ እስከ ታች ጨለጠው። ጢማቸውን ጠረጉ።

«ድገሚኝ» አሉ።

ደገመቻቸው። ስትቸኩል ባንኮኒው ላይ ፈሰሰባት። እሱንም ጠጡት። ቤቱ ሁሉ ሰውየው ይወድቁ እንደሆነ ይጠብቃል። አልወደቁም፤ ይልቅ አገሱ።

ያኔ አባቷ ተነሡ።

«ለእኔም ቅጂልኝ» አሉ። «ምርቃቱ ሳይጠጣበት ቀርቷል።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አለምነህ፣ ለእኚህ ሰው ጫማቸውን።»

አለምነህ ጫማውን ከደፉ አንሥቶ መጣ፤ ጎንበስ ብሎም ራሱ አጠለቀላቸው።

በማግስቱ ሰርካለም ገና ቤቱን ስትጠርግ አያ ክንዱ ገቡ። ግራና ቀኝ አይተው ሰው አለመኖሩን አረጋገጡና ባንኮኒው ላይ ተደገፉ።

«ትናንት ያጠጣሽኝ ግማሹ የቱቦ እጣቢ ውሃ ነበር» አሏት በሹክሹክታ። «ሁለት ጃምቦ ሙሉ! እኔን! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር በጉሮሮዬ ወርዶ አያውቅም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አባትሽ እያዩ ነበራ!»

 ወዲያው ማሽኑ የቆመበት ቦታ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ብርጭቆ ከቅባት ዕቃ ጋር የሚያጥብ ሰው ምን ሊፈረድበት እንደሚገባ፣ ለሥጋ ምን፣ ለዶሮ ምን፣ ለጾም ፍቺ ምን እንደሚቀዳ መናገር ጀመሩ።

ሰርካለም መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። ወንበር ሳበችና ከፊታቸው ተቀመጠች።

«አይቸኩሉ» አለቻቸው። «ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ።»