አንድ ምድጃ ለአንድ ግቢ

ማንም ሳይሾመው ከተማ የሚያስተዳድር ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ደመና ሲያይ ከሁሉ ቀድሞ አካፋ የሚያነሳ፣ የሰው ጣሪያ እያየ ራሱን የሚነቀንቅ፣ "ነግሬ ነበር" ለማለት ጎርፍ የሚጠብቅ። ለእኛ፣ ለካርቱም ዴም ሰፈር ሐበሾች፣ የደረሱን ክቡር ከንቲባ ጋሽ ገብረየስ ናቸው።

ክቡርነታቸው የመኖሪያ ወረቀት እንኳ የላቸውም። "ከሻ መጣ፣ ፖሊስ ሊያፍስ ነው" ሲባል ከእኛ እኩል አልጋ ሥር ይገባሉ። ከዚያ ወጥተው አቧራቸውን ያራግፉና ስለ ከተማዋ የወደፊት ዕጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በትልቁ ጎርፍ ጊዜ የተከራዩት ጭቃ ቤት ስለፈረሰባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ነገራቸው ሁሉ "በፕላን" ነው።

"ሬሕማ፣ የዝናቡ ወቅት፣ ከሪፍ፣ ሳይገባ ደጃፍሽን ከፍ አድርጊ። በፕላን ኑሪ።"

"ጋሼ፣ ለዝናቡ ማን ይኖራል? ዘንድሮ ወሎ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ይህን የምላቸው ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ ነው። ዴም ውስጥ ሁሉም ዘንድሮ ይሄዳል። የሚሄድ ሰው ደግሞ ዛፍ አይተክልም፣ ቦይ አይቆፍርም። እሳቸው ግን ኒም ተከሉ፤ ቦዩን ቆፈሩ። ሙቀት ይመልሳል ብለው ጣሪያችንን ኖራ ቀቡት። አይ፣ ውሸት አልናገርም፣ ክፍሉ በረድ ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ግን ኖራው ወርዶ ያሰጣሁትን ቀሚስ ዥንጉርጉር አደረገው።

በፈረንጆች 2001 ይመስለኛል፣ ምድር እየሞቀች ነው ሲባል በሬዲዮ ሰሙ። ግቢያችንን ሰበሰቡ።

"እያንዳንዳችን በየደጃፋችን ከሰል እናነዳለን። ከሰሉ ዛፍ ነበር። ዛፉ ሲያልቅ አቧራው ይመጣል፣ ሙቀቱ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አብሮ መብላት። በፕላን።"

ለምርቃቱ ሥጋ ገዙ። ካርቱም ውስጥ ሥጋ ቤቱ የሙስሊም ነው፤ ጸሐይወርቅ የምትባል የጎንደር ጎረቤታችን ማዕተቧን ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። ክቡርነታቸው አፍረው በማግሥቱ ዶሮ ገዙና በገዛ እጃቸው፣ "በስመ አብ" ብለው አረዱ። አሁን ደግሞ እኔና ሌላው ሙስሊም ጎረቤታችን ተውፊቅ አልቀረብንም። ወይ ጉድ! ነፋሱን፣ ውሃውን፣ ዛፉን ሁሉ አስበው ቢላዋውን ማን እንደያዘ ረሱት። በግቢው ጉባኤ ምስር ተወሰነ። ጸሐይወርቅም ጾም ብትሆን፣ እኛም ረመዳን ቢሆን፣ ፀሐይ ስትገባ ምስር ማንንም አያስቀይምም።

ምስር ስንበላ ከረምን። እየተማረርን በላነው። ተውፊቅ ሊቢያ ሄደ። ጸሐይወርቅ ካይሮ ገባች። ክፍላቸውን የተከራዩት ሱዳኖች በራቸውን ዘግተው የሚኖሩ ናቸው። ከንቲባው ሰው በሄደ ቁጥር "መንገዱን ያቅናለት" ይሉና ድስቱን በሚያንስ ድስት ይለውጡታል። በመጨረሻ እሳቸውና እኔ ቀረን።

ያኔ ነው በተመላላሽ የቤት ሥራ የምሠራላት እመቤቴ "እዚሁ አርካዊት፣ እኛ ሰፈር እደሪ" ያለችኝ። ለጋሽ ገብረየስ ስነግራቸው ምስሩን እያማሰሉ ነበር።

"መልካም። የትራንስፖርቱ ጭስም ይቀንሳል" አሉኝ። ቀና አላሉም።

አርካዊት ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ መብራት አይጠፋም። ቤተሰቡ በልቶ ሲነሳ፣ እኔ ማድ ቤት ቆሜ የተረፈውን እበላለሁ። ሥጋ ነበረ፣ ያውም የኛ፣ የሙስሊም ሥጋ። አልወርድ አለኝ። ሰው ለካ ቆሞ ብቻውን ሲበላ ጥርሱ ሲያኝክ ይሰማዋል።

በጁምዓ የቀረ ዕቃዬን ልወስድ ዴም ሄድኩ። ፀሐይ ልትገባ ነው። ግቢው ውስጥ የከንቲባው ምድጃ ይነዳል። በእኔ ደጃፍ፣ ትቼው የሄድኩት አሮጌ ምድጃም ከሰል ሞልቶ ይነዳል። ምንም አልተጣደበትም። እሳቸው በሁለቱ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዛፉስ?"

ሲያዩኝ ደነገጡ። ከዚያ ወደ እሳቱ ዞሩ።

"ዛፉ ይቅር ይበለኝ" አሉ። "በደጃፍሽ እሳት ከሌለ፣ እራቱ አልገባ አለኝ።"

ትልቁን ሰውዬ ልቆጣ ነው? ጫማዬን አውልቄ የእኔን ከሰል በመቆንጠጫ እየለቀምኩ ወደ እሳቸው ምድጃ አዛወርኩ።

"በርበሬው በዝቷል" አልኳቸው፣ ምስሩን ቀምሼ።

"እመቤትሽስ?"

"ማታ ማታ ወደዚህ እመለሳለሁ እላታለሁ። ካልወደደች ሌላ ትፈልግ።"

ተጠጋሁና ሁለታችንም ከአንድ ትሪ መብላት ጀመርን።