ላሜ በጋሸ ዘሩ ሳሎን

ሌላ ሰው ምስማር ሲመታ ሲሰማ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የኔ ዕጣ የወጣው ሰፈሩ "ሊቀ ደንብ" ከሚላቸው ከቀበሌያችን ደንብ አስከባሪ ከጋሸ ዘሩ አጥር ሥር ነው። ሜትራቸው ከቀበቷቸው አይለይም። ባለቤታቸው እትየ ሀብትነሽ ተኝተውም አይፈቱትም ይላሉ።

ዶሮ ቤት ብትሠሩ ይለካሉ፤ ሽንት ቤት ብትቆፍሩ ይለካሉ። ጎረቤታችን እንድሪያስ ለውሻው ቆርቆሮ ቢያጋድምለት "ፕላኑ የታል?" ብለው በር ላይ ቆሙ። ውሻው ሲጮህባቸው "ሕገ ወጥ ግንባታ ውስጥ ሁኖ ይጮኻል ደግሞ!" አሉ። ያን ቀን ስቄያለሁ።

ተራው የኔ ሆነ። ላሜ ዳልቻ ለመውለድ ተቃርባለች፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። ያለፈውን ጥጃዋን ዝናብና ብርድ ገድሎብኛል። ስለዚህ ጓሮዬ ጥግ በባሕር ዛፍና በአሮጌ ቆርቆሮ በረት አቆምኩ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ "ኮሚቴው ግምገማ ላይ ነው" ተባልኩ። ላም ደግሞ ግምገማ እስኪያልቅ አትጠብቅም።

ጋሸ ዘሩ መጡ፣ ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከአጥር ሁለት ሜትር መራቅ ነበረበት።"

"ጋሸ፣ አጥሩ እኮ የእርስዎ ነው! እርስዎ ከፈቀዱልኝ…"

"እኔ ማነኝና? ደንብ ነው እንጂ። ይኸ ልጄ፣ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው።"

ለላም በረት! ያን ጊዜ ጥፋቱ ለማይታወቅ ሰው ሁሉ የሚለጠፍ ስም ነበር። ደሜ ፈላ። በማግስቱ መጥተው አፈረሱት። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ቆርቆሮውን አስተካክለው ደርድረው "ንብረትህን ተረከብ" አሉኝ። ይኸ ጥንቃቄያቸው የባሰ አንገበገበኝ። የምሰድበው ጠፍቶኝ "እግዜር ይይልዎት!" ብቻ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አወረደው። የኔ ቤት በር ላም አያስገባም። ገመዷን ይዤ ስንቀጠቀጥ ጋሸ ዘሩ ጆንያ ተከናንበው መጡና ገመዱን ከእጄ ነጠቁ።

"ወዴት ሊወስዷት ነው?"

"ሳሎን።"

"የማን ሳሎን?"

"የኔ ነዋ! ደንቡ ስለ በረት እንጂ ስለ እንግዳ አይናገርም።"

እትየ ሀብትነሽ እየጮኹ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ። ዳልቻም ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሴት ጥጃ ወለደች።

እኔ ግን ይቅር አላልኩም። ለጎረቤት የሚታደለውን እንገር ለእሳቸው ላልሰጥ ዝቼ ነበር፤ ከገዛ ሳሎናቸው ታልቦ እንዴት ይከለከላል? እየተበሳጨሁ የመጀመሪያውን ሳህን ለእሳቸው አቀረብኩ።

በሳምንቱ ፈቃዱ ወጣ። ከኮሚቴው ጋር ተጣልተው ያስወጡት እሳቸው ናቸው አሉ። ሁለቱን ሜትር ለክቼ በረቱን መልሼ ሠራሁና፣ ንዴቴን እንደያዝኩ ላሜን ልወስድ ሄድኩ። ጋሸ ዘሩ መሬት ቁጭ ብለው ጥጃዋን በጋቢያቸው ያሻሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"አዲሱ በረት እርጥበት አለው" አሉ፣ ድምፃቸው የለማኝ ሆኖ። "ትንሽ ቀን ትቆይ፣ ልጄ።"

ገመዱን ጠቅልዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እኝህን ሰው መውደዴ እንዴት እንዳናደደኝ!