ለፊዚክስ ጽሑፍ የተላኩ ሽማግሌዎች

መቼም እኛ ጋይንቶች «አይሆንም» የሚል መልስ ሰምተን ዝም ብለን ወደ ቤታችን አንገባም። ልጃችንን አንሰጥም ያሉት ሰው ሽማግሌ ይልካል። ድንበር ገፍተሃል የተባለውም ይልካል። ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት የገባችበትማ ሽማግሌው ከእሷ ቀድሞ ሊደርስ ምንም አይቀረው። እምቢታ ለእኛ የወሬው መጀመሪያ ነው፤ ሰው ተልኮ፣ ተለምኖ፣ ተለማኙም ትንሽ ተኩራርቶ ነው ነገር የሚያልቀው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የፊዚክስ መጽሔት የጀመርሁት።

ያቋቋምነው እኔና ባልደረባዬ እታፈራሁ ነን፤ ሁለታችንም ንፋስ መውጫ ከተማ ፊዚክስ እናስተምራለን። የአካባቢው መምህር የመረመረውን ይጽፋል፣ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ በነጻ ያነበዋል፤ ሐሳባችን ይኸው ነበር። በመጀመሪያው እትም ከወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ የእኔና የእሷ ነበሩ። አንባቢ በዛልን ብለን ደስ ሲለን ለካ እየደጋገምን የምንከፍተው እኛው ነን። በአንድ ነገር ግን አልቀለድንም። የመጣ ጽሑፍ የጸሐፊው ስም ተሰርዞ ለሁለት ገምጋሚዎች ይላካል፤ እነሱ ካላሳለፉት አይወጣም። በዚህ ላይ እታፈራሁ ፊቷ አይፈታም፤ አንዴ በዝምድና ካወጣን ማን ያምነናል ትላለች።

ሁለተኛውን እትም ልናወጣ ስንል ከወገዳ አንድ ጽሑፍ መጣ። ጸሐፊው መምህር አያሌው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ያደርን፣ በሠርጌም ሚዜዬ የነበረ ሰው። ስሙን ብንሰርዘውም «ወገዳ፣ በአማቼ አውድማ እንዳየሁት» ብሎ ስለጻፈ ከስማዳ እስከ እስቴ የማን እንደሆነ የሚጠፋው ገምጋሚ አልነበረም። እህሉ ከእብቁ በደንብ እንዲለይ በላይዳ ምን ያህል ወደ ላይ መወርወር እንዳለበት በስሌት ያሳያል። ስሌቱ ያምራል። ገምጋሚዎቹ ግን «የነፋሱ ፍጥነት አወሳሰድ አጥጋቢ አይደለም» ብለው መለሱት። እኔም መልሱን ልኬለት ስልኬን አጠፋሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊት የደብራችን መሪጌታ፣ መሐል ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ፣ ከኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱት አያ ስጦታው። ግቡ ብል ገቡ፤ ተቀመጡ ብል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። የላካቸው አያሌው ነው። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህ ልጅ ወንድምህ ነው፣ ስለ እኛ ስትል ጽሑፉን አውጣለት አሉኝ። እምቢ ብል ሦስት ሽማግሌ አቁሞ የመለሰ ባለጌ ተብዬ የአገር መነጋገሪያ ልሆን፣ ሚዜዬንም ላጣ ነው። እሺ ብል ደግሞ መጽሔቱ ጥርስ ሳያወጣ ሊቀበር ነው።

ያዳነኝ የራሳቸው ሥርዓት ነው። አያ ስጦታው፣ የእሱን ሰምተናል፣ የአንተን ሳንሰማ መለመን ደግ አይደለም፣ እስቲ ልጁ የጻፈውን አንብብልን አሉ። እንደቆሙ ከስልኬ ላይ አነበብሁላቸው። ስሌቱን ራሳቸውን እየነቀነቁ አሳለፉት። ነፋሱ ጋ ስደርስ አያ ስጦታው እጃቸውን አነሡ።

«ነፋሱን የለካው የት ቆሞ ነው?»

«ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ባንዲራው ሥር» አልሁ።

«አውድማ ላይ እኮ ነፋስ እንዲህ አንድ ዓይነት ሆኖ አይውልም። ይመጣል፣ ይተዋል፣ ዞሮ እብቁን ዓይንህ ውስጥ ይጨምረዋል። ለመሆኑ ይህ ልጅ ላይዳ ጨብጦ ያውቃል?»

ሐጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሦስቱም ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። መሪጌታ ስልኬን ተቀብለው ለአያሌው ደወሉለት፤ ልጄ፣ እንዳልኸን መጥተን ነበር፣ እኛም አልተቀበልነውም አሉት። ያሉት ገምጋሚዎቹ ያሉትኑ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ግን ይገባል። አያሌው የሚያኮርፈው ሰው ጠፋው። ከእኔ ቢጣላ ሽማግሌ ያስታርቀናል፤ ከሽማግሌዎቹ ቢጣላስ ማን ይላካል? እህል ሲወቃ የነፋስ መለኪያውን ይዞ አማቹ አውድማ ላይ እብቅ ሲቅም ሰነበተ። እንደ አዲስ የጻፈው በሦስተኛው እትም ወጣና ከሁሉም በላይ ተነበበ። ያን ያዩ መምህራን ከአርብ ገበያም ከእስቴም ይልኩልን ጀመር። እታፈራሁ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከገምጋሚዎቻችን ተርታ አስገባቻቸው፤ ጽሑፉ እየበዛ ሲሄድ ሌሎች ሽማግሌዎችንም ጨመረች።

ደስታዬ ያበቃው ዘንድሮ ነው። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስለሚያሰማው ጩኸት ጻፍሁና እንደማንኛውም ሰው ስሜን አሰርዤ ለእታፈራሁ ሰጠኋት። በሳምንቱ መልስ መጣ። «ይህ ሰው በረዶውን ያየው በመስኮት ነው። ወጥቶ አንሥቶ ይመዝነው» ይላል። ማን እንዳለው ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ተናደድሁ። በመስኮት ማየቴ ደግሞ እውነት ነው፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

እታፈራሁ ፊቴን አየችና «ታዲያ ሽማግሌ ላክ እንጂ» አለችኝ።

ብታምኑም ባታምኑም አሰብሁበት። መሪጌታን ልልክ አልሁ፤ ገምጋሚ ናቸው። ሐጂም ገምጋሚ ናቸው። አያ ስጦታውንማ ተዉት። የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው፤ ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ተልኮ የሚሰማ ሽማግሌ ሁሉ በገዛ መጽሔቴ ላይ ተሹሟል። እናም ይኸው ዣንጥላዬንና ሚዛኔን ይዤ ደጄ ላይ ተቀምጬ በረዶ እጠብቃለሁ።