ሙሉ ጉልበት ያለው ብስክሌት

[የብስክሌት መሸጫ ሱቅ። ሦስት የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌቶች አፍንጫቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ቆመዋል። ሻጩ ሁለት ጊዜ "ምን ልታዘዝ?" ብሎ ሁለቴም ሰሚ ስላጣ፣ ጥግ ይዞ ጎማ ይነፋል። ዲክሽነሪ ልብስ ሰፊ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ሱሪ ለማሳጠር እሱ ዘንድ የሄደ ሰው ሱሪው ሳያጥር ስለ ጨረቃ ተምሮ ይመለሳል። አማች ደግሞ የታላቅ እህቱ ባል ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው ተመዝኖ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

አማች፦ ደወል የሌለው ነገር መንገድ ላይ አይወጣም።

ዲክሽነሪ፦ ጋሼ፣ ይኼ እኮ የተራራ ብስክሌት ነው። ተራራ ላይ ለማን ትደውላለህ?

አማች፦ ለፍየል።

ዲክሽነሪ፦ ፍየል የራሷ ደወል አላት።

አማች፦ እሷ ካላት እኔን ማን ከለከለኝ?

ዲክሽነሪ፦ በል ደወሉን እዚሁ እንተወውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። የመጣነው ለምንድን ነው?

አማች፦ አንተ ጎትተህ ስላመጣኸኝ።

ዲክሽነሪ፦ የጎተትኩህስ ለምንድን ነው?

አማች፦ ለምሳ።

ዲክሽነሪ፦ እኮ! እህቴ ኮረብታው ላይ ወዳለው ዝናብ የሚለካበት ጣቢያ ከተዛወረች ወዲህ ምሳ ለየብቻ ሆናችኋል። አንተ እንዳትወጣ ጉልበትህ እምቢ አለህ።

አማች፦ ግራውን ፍሪሲዮን በላው። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ የረገጥኩት እሱን ነው። ከተጋባን ጀምሮ ምሳ ለብቻዬ በልቼ አላውቅም ነበር። መስመሬን እንኳ የምመርጠው ቀትር ላይ በሷ መሥሪያ ቤት በኩል እንዲያልፍ አድርጌ ነበር። አሁን ምሳዬን አቀርባለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። እሷ የምትበላው ከጣቢያው ድመት ጋር ነው። ማታ ስትመጣም ወሬዋ ስለ ድመቷ ነው፤ "ዛሬ እንዲህ አየችኝ፣ ዛሬ እንዲህ ተኛች።"

ዲክሽነሪ፦ በድመት ቀናህ እንዴ?

አማች፦ ምሳውን የምትበላው እሷ ናታ።

ዲክሽነሪ፦ ለዚህ ነው እኮ እሁድ ዕለት፣ ገና ነገሩን ሳትጨርሱልኝ መፍትሔውን የነገርኳችሁ።

አማች፦ አዎ። ሳንጨርስልህ ነው የነገርከን።

ዲክሽነሪ፦ እንግዲህ ስማኝ። የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ሁለት ዘር ነው። አንዱ ግማሽ ጉልበት፣ አንዱ ሙሉ ጉልበት።

አማች፦ ግማሽ ጉልበትማ እኔም አለኝ።

ዲክሽነሪ፦ የሞተሩን ነው የምልህ።

አማች፦ እንግዲያው ሙሉው ይሁን። ሙሉ ሲባል ግራውም ቀኙም ነው?

ዲክሽነሪ፦ ሞተር ግራና ቀኝ የለውም። ሰማንያ አምስት ኒውተን ሜትር ነው።

አማች፦ ከዚያ በኋላስ?

ዲክሽነሪ፦ ከምን በኋላ?

አማች፦ ከሰማንያ አምስተኛው ሜትር በኋላ። ኮረብታው ከዚያ ይርቃል።

ዲክሽነሪ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል] ርቀት አይደለም ጋሼ። የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ኒውተን ማለት ፖም ሲወድቅ አይቶ የተመራመረው ሊቅ ነው።

አማች፦ ብስክሌት ውስጥ ምን አስገባው?

ዲክሽነሪ፦ እሱን ሌላ ቀን አስረዳሃለሁ። አሁን እግርህን ዘርጋ።

[ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይንበረከክና የአማችን እግር ከላይ እስከ ታች ይለካል። ሻጩ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ አቀረቀረ። ዲክሽነሪ ሰው ሲለካ ደስ ይለዋል፤ ሜትር የያዘ ሰው አይሳሳትም ብሎ ያምናል።]

አማች፦ የመጣነው ሱሪ ልናሰፋ ነው?

ዲክሽነሪ፦ የብስክሌቱ ቁመት ከእግርህ ጋር መግጠም አለበት። ጥሩ። አሁን ሞዴል እንምረጥ። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ጥቁሩ፣ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ ሞዴል አራት አራት ደረጃ አለው።

አማች፦ አራት ብቻ?

ዲክሽነሪ፦ አራት አነሰህ?

አማች፦ በጣም እንጂ።

ዲክሽነሪ፦ ስንት ደረጃ ነው የምትፈልገው?

አማች፦ እኔ ቆጥሬው አላውቅም። እህትህ ግን ብዙ መቶ ነው ትላለች።

ዲክሽነሪ፦ እህቴ ስለ ብስክሌት ምን ታውቃለች? መቶ ደረጃ ያለው ብስክሌት በዓለም ላይ የለም።

አማች፦ የፈራሁትም ይኼንኑ ነበር።

ዲክሽነሪ፦ ደረጃ ማለት የዕቃው ጥራት ነው። አንደኛው "መሠረታዊ" ይባላል፣ ሁለተኛው "የተሻለ"፣ ሦስተኛው "የላቀ"።

አማች፦ ሦስተኛው ምን ሆነ አልክ?

ዲክሽነሪ፦ የላቀ።

አማች፦ ካለቀ ምን ሊያደርጉት አቆሙት?

ዲክሽነሪ፦ ያለቀ አላልኩም። የላቀ።

አማች፦ አራተኛውስ?

ዲክሽነሪ፦ እጅግ የላቀ።

አማች፦ ይኼ ጭራሽ የባሰበት ነው።

ዲክሽነሪ፦ [ፊደል እንደሚያስቆጥር] "የ" ነው ጋሼ፣ "ያ" አይደለም። የላቀ። የበለጠ። ምርጥ።

አማች፦ እኔ እኮ ጎማውን አይቼ ነው። የኋላው ከፊቱ አንሷል። አልቆ እንጂ ምን ሆኖ ያንሳል?

ዲክሽነሪ፦ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ትልቁ የፊት ጎማ ድንጋይ ይሻገርልሃል፣ ትንሹ የኋላ ጎማ ኩርባ ላይ ቶሎ ይታጠፍልሃል።

አማች፦ እኔ አንዱ ጎማ ያነሰ አውቶቡስ ይዤ ብወጣ ኖሮ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኝ ነበር።

ዲክሽነሪ፦ አውቶቡሱን ተወው። አካሉን እይ። ዝቅ ያሉት ሁለት ደረጃዎች አሉሚኒየም ናቸው። የላቁት ሁለቱ ግን ካርቦን ናቸው።

አማች፦ ካርቦን? ያ በሁለት ወረቀት መሀል የሚገባው?

ዲክሽነሪ፦ እሱ አይደለም።

አማች፦ ቢሮ ገብቼ በነካሁት ቁጥር ሸሚዜን የሚያቀልመው?

ዲክሽነሪ፦ እሱ አይደለም አልኩህ። ይኼኛው ካርቦን ከብረት ይጠነክራል፣ ግን ቀላል ነው።

አማች፦ ሲቀል ስንት ኪሎ ነው?

ዲክሽነሪ፦ ሃያ ሦስት።

አማች፦ ያልቀለለውስ?

ዲክሽነሪ፦ ሃያ አምስት። አንተ ስለ ክብደቱ ምን አስጨነቀህ? ሞተሩ ይሸከምሃል።

አማች፦ ሞተሩንስ ማን ይሸከመዋል?

ዲክሽነሪ፦ ሞተር ለምን ይሸከሙታል?

አማች፦ ደረጃው ላይ ነዋ።

ዲክሽነሪ፦ ደረጃ የጥራት ነው ብዬህ አልነበር? ደረጃ ላይ የሚሸከሙት ነገር የለም።

አማች፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በልመና ዓይን እያየው] እኔ የምልህ፣ አማቼ... እህትህ ያለችበት ቦታ...

ዲክሽነሪ፦ እሱን በኋላ ትነግረኛለህ። ና፣ ጥቁሩ ላይ ውጣ።

[አማች ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ እንደምንም ይወጣል። ዲክሽነሪ መሪው ላይ ያለች ትንሽ ቁልፍ ይጫናል። ኮርቻው ከነአማች ቁልቁል ይሰምጣል።]

አማች፦ ወዴት ነው የወሰድከኝ?

ዲክሽነሪ፦ ኮርቻው ነው የወረደው። ቁልቁለት ላይ ዝቅ ብለህ ሚዛንህን እንድትጠብቅ ነው።

አማች፦ ቁልቁለቱ ይቅርብኝ፣ አቀበቱን ንገረኝ። አቀበቱ እንደ ቤት ደረጃ ቀጥ ያለ ቢሆንስ?

ዲክሽነሪ፦ እንደ ግድግዳም ቀጥ ይበል። ሙሉ ጉልበት ማለት እኮ ይኼ ነው።

አማች፦ "እንደ" የምትለዋን ብናወጣትስ?

ዲክሽነሪ፦ ከየት ነው የምናወጣት?

አማች፦ ከደረጃው ላይ።

ዲክሽነሪ፦ ደረጃውንማ ነገርኩህ፣ አራተኛውን ውሰድ።

አማች፦ አራተኛው ላይ ደርሼ ምን እሠራለሁ? እዚያ ማንም የለም።

ዲክሽነሪ፦ ጋሼ፣ ራስህን አሞሃል?

አማች፦ እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበርኩ። እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሞተሩ ከአንደኛው ደረጃ እስከ አራተኛው አንድ ነው?

ዲክሽነሪ፦ አንድ ነው።

አማች፦ ባትሪውስ?

ዲክሽነሪ፦ እሱም አንድ ነው።

አማች፦ እና አራተኛው በምን በለጠ?

ዲክሽነሪ፦ በማርሹ፣ በፍሬኑ፣ የፊት ጎማውን በያዘው ፎርኬላ። ተመልከት፣ ፎርኬላው ወርቅማ ነው። ልዩነቱን ዓይን አያየውም፣ የሚነዳው ሰው ግን በእጁ ይሰማዋል።

አማች፦ አንተ ነድተህ ተሰማህ?

ዲክሽነሪ፦ አንብቤ ተሰማኝ።

[አማች ከብስክሌቱ ይወርዳል። ዲክሽነሪ ግንባሩን ጠርጎ ወገቡን ይይዛል። ሥራውን የጨረሰ መስሎታል። ዛሬ ማታ እህቱ "ወንድሜ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር" ስትል በጆሮው ይሰማዋል፤ እሱ ደግሞ "ምንም አይደል" ሊል አስቧል።]

ዲክሽነሪ፦ በቃ፣ ተወስኗል። ጥቁሩ፣ ሙሉ ጉልበት፣ አራተኛ ደረጃ፣ ካርቦን። አንተ ሻጭ፣ ይኼን አዘጋጅልን።

[ሻጩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመጣና፣ ጎማውን በልኩ ሊነፋው እንዲችል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ የሚነዱበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? ዲክሽነሪ ሊመልስ አፉን ይከፍታል። አፉ እንደተከፈተ ይቆያል። ወደ አማች ይዞራል።]

ዲክሽነሪ፦ አስፋልት ነው አይደል?

አማች፦ አይደለም።

ዲክሽነሪ፦ ጠጠር ነዋ።

አማች፦ አይደለም።

ዲክሽነሪ፦ አፈር?

አማች፦ አይደለም።

ዲክሽነሪ፦ እና ምንድን ነው?

አማች፦ [ትከሻው ወርዶ] አሁንማ ሻጩ ቀደመህ፣ አይቆጠርልህም። ደረጃ ነው።

ዲክሽነሪ፦ ስንተኛው ደረጃ?

አማች፦ ሁሉም። ከግርጌ እስከ ጫፍ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ በግራ በኩል የብረት መደገፊያ አለው። ሌላ መንገድ የለም። የጣቢያው ዕቃ እንኳ የወጣው በሰው ጀርባ ነው።

[ሻጩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ዲክሽነሪ ጥቁሩን ብስክሌት ያያል፣ ሜትሩን ያያል፣ ጫማውን ያያል።]

ዲክሽነሪ፦ ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?

አማች፦ እንዳልነግርህ አስምላኛለች። ፍንጭ መስጠት ግን አልከለከለችኝም። ፍንጭ እስኪያልቅብኝ ሰጠሁህ።

ዲክሽነሪ፦ ማናት ያስማለችህ?

አማች፦ እህትህ። እሁድ አንተ ስትወጣ ጠብቃ፣ "ወንድሜ የማያውቀው ነገር የለም፤ እኔ የት እንደምውል ግን አያውቅም" አለች። "ወስዶ ግማሽ ቀን ያስተምርሃል፤ ወደ እኔ የሚያደርሰው መንገድ ምን ይመስላል ብሎ ግን አንድ ጊዜ አይጠይቅህም" አለች። እኔ ደግሞ ይጠይቃል አልኩ። ወንድሟ አይደለህ? ተወራረድን።

[ከዲክሽነሪ የስፌት መኪና ፊት ለፊት ባለው መስኮት ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እህቱ ከተዛወረች ጀምሮ መርፌ ላይ ክር ባስገባ ቁጥር ወደ ብርሃኑ ቀና ብሎ ሲያየው ኖሯል፤ አንድም ቀን "እህቴ እዚያ ላይ ናት" ብሎ አላሰበም። ፊቱ በኀፍረት ጋለ። አማችም አየውና አዘነለት፤ በውርርዱ ከመሸነፉ ይልቅ የቆጨው የልጁ ፊት ነው።]

ዲክሽነሪ፦ በምን ተወራረዳችሁ?

አማች፦ በአንተ።

ዲክሽነሪ፦ እንዴት በእኔ?

አማች፦ ከጠየቅከኝ፣ እሷ የሚቀጥለው እሁድ ቃል ሳትተነፍስ ያወራኸውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ልታዳምጥህ።

ዲክሽነሪ፦ ካልጠየቅኩህስ?

አማች፦ ካልጠየቅከኝ ነገ ቀትር ላይ ሱቅህን ዘግተህ ምሳውን አንተ ልትሸከም፤ እኔ ትከሻህን ይዤ ልወጣ። ሐኪሙ የሚደግፍህ ሰው ካለ ደረጃ ትወጣለህ፣ ለብቻህ ግን እንዳትሞክረው ብሎኛል። እሁድም ልንነግርህ የነበረው ይኼንኑ ነው፤ አላስጨረስከንም እንጂ።

[ዲክሽነሪ ሜትሩን ቀስ አድርጎ ይጠቀልልና ኪሱ ይከተዋል። ሊናገር ሁለት ጊዜ አሰበ፤ ሁለቴም ተወው። በመጨረሻ፣ ምናልባት ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልሱን የማያውቀውን ነገር ጠየቀ።]

ዲክሽነሪ፦ ምሳው ለስንት ሰው ነው?

አማች፦ ለሦስት። ሦስቱንም ሳህን ይዛ የወጣችው ገና ሰኞ ጠዋት ነው።