ፍየሎቹስ?

ሰው ለመከራው ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ይወዳል። ወጡ ቢያር፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ላሚቱ ብትነጥፍ፣ ለሁሉም አንድ ቡዳ ይበቃዋል። እኔስ ከሰው በምን እለያለሁ?

ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ እኔም ለአሶሳ አዲስ መምህር በነበርኩበት ዘመን፣ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም ልጄን ትዕግሥትን አይቶ ኦቲዝም ነው አለኝ። ምልክቱ ሦስት ነው፤ ንግግር ማነስ፣ ከሰው አለመግባባት፣ አንድን ነገር መደጋገም። ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ወይስ አንድ ግቢ የተከራዩ ባዳዎች ብዬ ብጠይቀው፣ ሊቃውንቱም ገና እየተከራከሩበት ነው ብሎ ሸኘኝ። እኔ ግን አሶሳ ሳልደርስ፣ አውቶቡስ ላይ ክርክሩን ዘጋሁት። የአንድ እናት ልጆች ናቸው! አንዱን ካባረርኩት ሁለቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይከተላሉ።

መደጋገሙን ላባርር ተነሳሁ። ትዕግሥት ማንጎ በሰልፍ ትደረድራለች፣ እኔ አፈርሳለሁ፣ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እሸነፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አጥር ሥር ቆማ ጎረቤታችን ሼህ ሐሚድ ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ትሰማለች። የሳቸው ሰላምታ ችኩል አይወድም፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ማሳው፣ ፍየሎቹ፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃሉ፤ ለሁሉም "ተማም" ይባላል፣ ደህና ነው ለማለት። በየቀኑ ያው ነው። ይህንንም ልከለክላት ነበር፤ እናቷ ዕድሜ ይስጣትና ገላገለቻት።

የምዝገባ ቀን ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ ቃል እንኳ ካልተናገረች አልቀበላትም አሉ። ስሟን ጠየቋት፣ ዝም። ዕድሜዋን፣ ዝም። ልጄ ደጅ ልትቀር ነው አልኩ በልቤ። በዚህ መሃል ሼህ ሐሚድ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ገቡና ሰላምታቸውን ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ ሥራ በዝቶባቸው ኖሮ ከማሳው ወደ ዝናቡ ዘለሉ። ይሄኔ "ፍየሎቹስ?" የሚል ድምፅ ተሰማ። የማን ድምፅ? የኔ ልጅ!

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ርዕሰ መምህሩ እየሳቁ ሰላምታውን እንደገና ከቤቱ ጀመሩ፤ እሷም "ተማም፣ ተማም" እያለች እስከ ዝናቡ አደረሰቻቸው። ተመዘገበች። ላባርረው የነበረው መደጋገም ንግግሩን ጎትቶ አመጣ፤ ንግግሩም ሰውን። ዘመዳሞች ይሁኑ ባዳ እንጃላቸው፤ ጎረቤትነቱን ግን ያውቁበታል።

ከደስታዬ ብዛት ሼህ ሐሚድን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ፣ ደህና ዋሉ ብዬ ልጄን ይዤ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። ቤታቸውን አልጠየቅሁ፣ ፍየሎቻቸውን አልጠየቅሁ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞር ብለው፣ ሴት ከወንድ በማይለይ አማርኛቸው፣ "ይሄ ልጅ ደህና ነው፤ አባቱን መዝግብ" አሉ።