ክቡር አቶ ብራከንበሪ ያስቡበታል

የኤሌክትሪክ ገመድ በሚቀበርበት አገር ሁሉ አንድ «አስብበታለሁ» ባይ ገበሬ አይጠፋም። እምቢ አይልም፤ እምቢ ቢልማ በተገላገልን። እሺም አይልም። ውሻውን እያሻሸ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ ዓመት ሙሉ ያስባል። በእኔ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ገበሬ ያውቃል፤ የእኔው ግን ከሁሉም ይብሳል ብዬ እምላለሁ።

ሥራዬ ማግባባት ነው። ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ማማዎች የሚቆሙት በእንግሊዝ አገር ከሊንከንሻየር ጠረፍ ርቆ፣ ከየትኛውም ማሳ ሆኖ በማይታይ ባሕር ላይ ነው። ነፋሱ የባሕር ነው፤ ጣጣው ግን የየብስ። ኤሌክትሪኩ ከተማ ለመድረስ በስልሳ ሁለት ገበሬዎች ማሳ ሥር ማለፍ አለበት። ስልሳ አንዱ ፈረሙልኝ። የቀሩት ክቡር አቶ ሃዋርድ ብራከንበሪ ብቻ ናቸው፤ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት፣ የድንችና የስንዴ ጌታ፣ የቀጠሮ ሁሉ ባላንጣ።

መጀመሪያ የሄድኩት በሰኔ ነበር። የትራክተሩ መጠለያ ውስጥ አቁመውኝ ስለ ድንች በሽታ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። በመጨረሻ ካርታዬን ስዘረጋ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ቆንጆ ካርታ ነው። ማነው የሠራው?»

«መሐንዲሶቻችን ናቸው።»

«እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

«አሁን እኮ ከላይ ሆኖ፣ በሳተላይት ነው የሚሠራው አቶ ብራከንበሪ።»

«እንዲያ ነው? እንግዲህ አስብበታለሁ፣ የኔ ልጅ።»

በነሐሴ መነጽራቸው ጠፋባቸው፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። በጥቅምት የውሉ ፊደል ደቀቀ አሉ። በትልልቅ ፊደል አሳትሜ ስመለስ አርባው ገጽ መቶ አሥር ሆኗል። በእጃቸው መዘኑትና «አሁንማ በዛ» ብለው መለሱልኝ። በኅዳር ደግሞ ውሻው ታመመ። ውሻው የእኔን ውል ሊያነብ ነበር እንዴ?

በገና ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶሪን ዘቢብ የተጋገረበት ዳቦ ከአይብ ጋር ይዘውልኝ ወጡ። ፊቴን አይተው አዘኑልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አይዞሽ። እኔን ለማግባትም አራት ዓመት አስቦበታል።»

በየካቲት የአለቃዬ የግራንት ትዕግሥት አለቀ። «ሰውየው እኮ እየተጫወተብሽ ነው!» አለና አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረ። የማስገደጃ ትእዛዝ ነው። እሱ ከተሰጣቸው ፈረሙም አልፈረሙ በሕግ ገብተን መቆፈር እንችላለን። እውነቱን ልናገር፣ ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ደስ ብሎኝ ነበር።

ስደርስ ክቡርነታቸው ሰማዩን እያዩ ነው። ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

«መጋቢት ይምጣ። ዝናብ ዘንቦ ባባራ ማግሥት እደውልልሻለሁ።»

«ቆይ፣ ዝናቡ ከፊርማው ጋር ምን አገናኘው?»

«ነገርኩሽ እኮ። እደውላለሁ።»

ፖስታውን ለምን እንዳልሰጠኋቸው አላውቅም። ዳቦው ይሆናል። ግራንት ግን አልሳቀም፤ «ሦስት ሳምንት አለሽ። ከዚያ በኋላ ወይ እሳቸው ይፈርማሉ፣ ወይ አንቺ ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ» አለኝ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ተነሺ! ደረቅ ነፋስ ይዟል። ቦቲሽን አድርጊና አራት ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ፤ ከዚያ ወዲያ ይጠፋል።»

ምኑ እንደሚጠፋ ሳልጠይቅ ተዘጋ። ስደርስ የማሳው ጫፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝና በዱላቸው ብቻ አመለከቱኝ። መሬቱ በዝናብ ርሶ ጠቁሯል። በጥቁሩ ላይ ግን፣ በየሃያ እርምጃው፣ ነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ቀጥ ብለው ማሳው ዳር እስካለው ቦይ ይወርዳሉ።

«ውሃ ማንጣፈፊያ ቱቦዎች ናቸው። ሸክላ። አባቴ ነው በአካፋ የቀበራቸው። ከሥሩ ቱቦ ያለበት አፈር ቀድሞ ይደርቃል። በዓመት አንድ ጠዋት ብቻ ይታያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ስንዴ ከተዘራበትማ ተይው።»

ያኔ ነው የነቃሁት። የጎረቤት ማሳ ሁሉ በስንዴ አረንጓዴ ለብሷል፤ የእሳቸው ባዶ ነው። ባለፈው ጥቅምት መዝራት ሲገባቸው ሳይዘሩ ትተውታል፤ የዓመት ስንዴያቸውን። እኔ በቀጠሮ ተንገላታሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ሳማቸው፣ እሳቸው ይህችን ጠዋት እየጠበቁልኝ ነበር። አፈርኩ።

«ታዲያ በሰኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትጽፊው ነበር። እኔ እንድታዪው ነው የፈለግኩት። ሠላሳ ዓመት ሆነው፣ የጋዝ ቱቦ የሚቀብሩ ሰዎች እንዳንቺው ቆንጆ ካርታ ይዘው መጡ። አባቴ ነገራቸው፤ ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ ቱቦውን ቆራረጡት። ስድስት ዓመት ማሳው ላይ ውሃ ተኛ። አባቴ በመስኮት እያየው ሞተ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በየመስመሩ ችካል እየተከልን ወረድን። የእኛ ካርታ አሥራ አንድ ቱቦ ነበረው። እኛ ሠላሳ አራት ተከልን። አራት ሰዓት ሲያልፍ መሬቱ አንድ ዓይነት ሆነና መስመሮቹ ጠፉ። ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ፖስታ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አልሰጠሽኝም?»

«አሰብኩበት።»

ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። መቶ አሥሩን ገጽ ትራክተሩ ላይ አስደግፈው ፈረሙ፤ ከሥሩም በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩበት፦ ማሳው ሲቆፈር ይህች ልጅ ራሷ እዚያ ትቁም። ግራንት አነበበና ትከሻውን ሰበቀ። እኔ ግን አሥራ ሰባት ቀን ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። የተቆረጠ ቱቦ ሁሉ ዓይኔ እያየ ተቀጠለ።

በሚቀጥለው ጥር አገሩን ያጥለቀለቀ ዝናብ ጣለ። እሑድ ነበር፤ ማንም አልላከኝም። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድቼ ሄድኩ። ቦዩ ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«ፊርማው አልቋል። ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

«ውሃው ይወርድ እንደሆነ ላይ ነው።»

ቦዩን ተከትለን የቱቦዎቹን አፍ አንድ በአንድ እየቆጠርን ሄድን። ሠላሳ ሦስቱ ውሃ ያፈሳሉ። አንዱ ደርቋል፤ ከላዩ ማሳው ላይ ውሃ መተኛት ጀምሯል። ክቡርነታቸው ያን ኩሬ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ረጅም ዘንግ አቀበሉኝ።

«የቆምሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ክፈችው።»

ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁና ዘንጉን ሰደድኩ። አንዴ ገፋሁ፣ ሁለቴ ገፋሁ። በሦስተኛው አንድ ጓል ሥርና ቅጠል እንደ ተጠቀለለ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ድፍርሱ ውሃም ተከትሎ እስከ ብብቴ አራሰኝ። እጄን ይዘው አነሱኝ። ኩሬው ጎድሎ ጎድሎ አፈሩ እስኪታይ ድረስ ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን።